በባልዲ የበቀለ ሽፈራው ለምን ይቀጥናል? ዱቄቱስ ኪኒን ይተካል?

ጥያቄው፦ «ከአምስት ወር በፊት አስር የሽፈራው ዘር በ10 ሊትር ባልዲ ዘርቼ አራቱ ብቻ በቀሉ። ሁለቱ ገና በሁለተኛው ሳምንት ከአንገታቸው ቀጥነው ወደቁ። የቀሩት ሁለቱ 1 ሜትር ከ20 ደርሰዋል፤ ግን እንደ ሸምበቆ ቀጭን ናቸው፣ የታችኛው ቅጠላቸውም ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ያሉት በረንዳ ላይ ነው፤ በየቀኑ አጠጣቸዋለሁ። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አድርቄ ስፈጨው ቡናማ ሆነ፣ የሚሸተውም ድርቆሽ ድርቆሽ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ ኪኒኑን ትታ በየጠዋቱ ይህን ዱቄት ብትጠጣ እንደሚሻላት ይነግሯታል። እውነት ነው? ሥሩና ዘሩስ ለምን ይጠቅማሉ?»

ከሁሉ በፊት የእናትዎ ነገር፦ ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡ። ምክንያቱን ከታች በዝርዝር እመጣበታለሁ፤ ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ግን ይህ ይሁን።

ወደ ተክሉ ስንመጣ፣ በቀሩት ሁለቱ ላይ የሚታየው በሽታ አይመስልም። ሽፈራው (ሞሪንጋ የሚባለውም እሱው ነው) በጥማት የሚሞት ዛፍ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በውሃ ነው። ዘሩ ገና እንደበቀለ ወደ ታች የሚልከው ዋና ሥር እንደ ካሮት የወፈረ፣ ነጭና ውሃ የቋጠረ ነው። ዛፉ ደረቁን ወራት የሚያልፈው በዚህ ጎተራው ነው። ይኸው ሥር ቀን ከቀን ርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ አየር ያጣና ከጫፉ ጀምሮ ይበሰብሳል። ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ውሃ መሳብ ስለሚያቅተው፣ ከላይ ያለው ቅጠል ልክ እንደተጠማ ተክል ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ጠምቶት ነው» ብሎ ውሃ ይጨምራል። አብዛኛው የበረንዳ ሽፈራው የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ጥማትን ከውሃ ብዛት ለመለየት ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው ጣት ነው። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እዚያ ጥልቀት ላይ ቅዝቃዜና ርጥበት ከተሰማዎ አያጠጡ። ሁለተኛው ክብደት ነው። ባልዲውን ባጠጡ ማግስት በአንድ ጎኑ አንሳ አድርገው ይመዝኑት፣ ከአራት ቀን በኋላም እንደገና ያንሱት፤ ልዩነቱን እጅዎ ይለምደዋል። የተጠማ ሽፈራው አፈሩ ከባልዲው ጠርዝ ይላቀቃል፣ ቅጠሉም ይታጠፋል። ውሃ የበዛበት ግን አፈሩ ይከብዳል፣ የግንዱ ግርጌ ሲጫኑት ይለሰልሳል፣ ሲብስም መጥፎ ሽታ ይመጣል። ግርጌው ገና ጠንካራ ከሆነ ተክሉ ይድናል። ለጊዜው ውሃውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙና አፈሩ እስከ ጣትዎ ጥልቀት ይድረቅ፤ ከዚያ ወዲያ ሲያጠጡ ከሥር እስኪወርድ ድረስ በደንብ ያጠጡ፣ እንደገና እስኪደርቅም ይተዉት። በሞቃት ወቅት በሳምንት ሁለቴ ይበቃዋል፤ በቀዝቃዛው ጊዜ በአሥርና በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ከባልዲው ሥር ሰሃን ካለ ያንሱት። ውሃ ያጣራል ተብሎ ከታች የሚደረደረው ጠጠርም አይረዳም፤ ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ወዲያው ከመውረድ ይልቅ ከበላዩ ባለው አፈር ውስጥ ይቋጠራል፣ ለሥሩ የሚቀረውም ቦታ ይቀንሳል። ጠጠር ሳይሆን ቀዳዳ ነው የሚፈለገው፤ ከታች ቢያንስ አምስት፣ እያንዳንዱ ትንሽ ጣት የሚያስገባ።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ ግን የውሃ ብዛት ምልክት አይደለም። ሽፈራው የሙቅ አገር ዛፍ ነው፤ የሚስማማው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሲበረታ ዕድገቱ ይቆማል፣ ቅጠሉንም ሊያራግፍ ይችላል፤ ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህ ሞት አይደለም፤ በዚያ ጊዜ የሚጎዳው ማዳበሪያና ውሃ መጨመር ነው። ውርጭ ካለ ግን ለጋው ተክል እስከ ግርጌው ሊጠቁር ይችላል፤ በባልዲ ያለውን ወደ ቤት ማስገባት ያዋጣል።

ቅጥነቱ ሦስት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ብርሃን ነው፤ ይህ ዛፍ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጣሪያ ያለው በረንዳ ለዓይን ብሩህ ቢመስልም ለሽፈራው ጨለማ ነው፣ ስለዚህ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል። ሁለተኛው፣ ሁለት ዛፍ በአንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ መሆናቸው ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጫፋቸው አለመቆረጡ ነው። ያልተቆረጠ ሽፈራው ቅርንጫፍ ሳያወጣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ቅጠሉን ሁሉ የሚሸከመው አናቱ ላይ ነው። በመሬት ላይ ቢተው ከ8 ሜትር በላይ ይወጣና ቅጠሉ በመሰላል እንጂ በእጅ የማይደረስበት ይሆናል።

ስለዚህ ይቁረጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁ ይታሰራል፤ አምስት ወር የደከሙበትን ዛፍ ግማሹን መጣል ይከብዳል። ሽፈራው ግን መቆረጥን ከሚወዱ ዛፎች አንዱ ነው። ከአፈሩ 60 ሴንቲሜትር ይለኩ፤ ከዚያ በታች ባለው የመጀመሪያ የቅጠል መውጫ ጉብታ ላይ ያተኩሩ፣ ከጉብታው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው በስለታም ንጹህ ቢላ ሰያፍ አድርገው በአንድ ጊዜ ይቁረጡ። ሰያፍ የሚደረገው ውሃ ቁራጩ ላይ እንዳይቆም ነው። ደነዝ መቀስ ግንዱን ያደቀዋል፤ የሽፈራው እንጨት ለስላሳና ስፖንጅ መሳይ ስለሆነ የደቀቀው ቦታ ይበሰብሳል። ሙቀት ባለበት ወቅት ከሆነ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ከጉብታዎቹ ሦስት አራት አዲስ ቡቃያ ይወጣል። እነዚህ 20 ሴንቲሜትር ሲደርሱ ደግሞ እያንዳንዱን 10 ሴንቲሜትር ላይ ይቁረጡ። ከእያንዳንዱ ሁለትና ሦስት ሌላ ይወጣል፤ ዛፉ ወደ ቁጥቋጦነት የሚለወጠው በዚህ ሁለተኛ ቆረጣ ነው፣ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። በብርድ ጊዜ ግን አይቁረጡ፤ የሚያቆጠቁጥበት ጉልበት የለውም።

የተቆረጠውን ቀጭን አናት መልሰው ለመትከል አይድከሙ፤ ለጋ ግንድ አፈር ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል። በቁራጭ ለማራባት የሚሆነው ቢያንስ ዓመት የሞላው፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የወፈረ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር የረዘመ ቅርንጫፍ ነው። እሱም ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ ቆይቶ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ አንድ ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይገባል። ከቁራጭ የበቀለ ዛፍ ቶሎ ያፈራል፤ ግን ወደ ታች የሚወርደውን ዋና ሥር አያበጅም፣ ስለዚህ ድርቅም ነፋስም ይበግረዋል። ቦታው ነፋሻ ከሆነ ዘር ይሻላል።

ሁለቱን ዛፎች መለያየት አይሞክሩ። ሥራቸው ተጠላልፏል፤ አንዱን ሲነቅሉ የሌላውን ወፍራም ሥር ይሰብራሉ። ደካማውን ከአፈሩ ወለል ላይ ቆርጠው ይጣሉት፣ እንደገና ካቆጠቆጠም ይቁረጡት። የቀረውን ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ወዳለው 50 ሊትር ገደማ የሚይዝ ዕቃ ያዛውሩት። ከስፋቱ ጥልቀቱ ይበልጣል። አፈሩ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን። ሲያዛውሩ ሥሩን አራግፈው አያጽዱ፤ አሮጌውን ባልዲ በጎኑ ቀደው ከነአፈሩ ያውጡት። ካዛወሩ በኋላ አንዴ በደንብ አጠጥተው ለአንድ ሳምንት ከቀትር ፀሐይ ያስጠልሉት። ቅጠሉ ቢጠወልግ አይደንግጡ፤ ሽፈራው ሲዛወር ያኮርፋል።

የሚተክሉበት መሬት ካለዎት ግን ባልዲውን ይርሱት። በየአቅጣጫው 50 ሴንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው የወጣውን አፈር ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይመልሱ። መሬቱ ዋልካ ከሆነና ውሃ የሚያቁር ከሆነ ጉድጓድ ሳይሆን ጉብታ ይሥሩ፤ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ ክምር ላይ ይትከሉ። ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ እንጨቱ ተሰባሪ ነው፣ ጠንከር ባለ ነፋስ ቅርንጫፉ ይገነጠላል። ለቅጠል ብቻ እንደ አጥር የሚተከል ከሆነ ግን በ1 ሜትር ርቀት መደርደር ይቻላል፤ በየጊዜው ስለሚቆረጥ አይተልቅም። ፍየል ካለ ያጥሩለት፤ ፍየል ለጋ ሽፈራውን እስከ ግንዱ ትግጠዋለች።

ከአስር ዘር አራት መብቀሉ የዘሩ ዕድሜ ጉዳይ ይመስላል። የሽፈራው ዘር እንቅልፍ የለውም፤ ከፍሬው እንደወጣ ይበቅላል፣ በሙቅ ቦታ በተቀመጠ ቁጥር ግን አቅሙን በፍጥነት ያጣል። ዓመት ካለፈው ዘር ብዙ አይጠብቁ። ለብ ባለ ውሃ 24 ሰዓት መዘፍዘፍ ይረዳዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ያፍነዋል። ልጣጩን መላጥ አያስፈልግም፤ የሚላጡት ብዙውን ጊዜ ውስጡን ያቆስሉታል። ጥልቀቱ 2 ሴንቲሜትር ይበቃዋል፣ በሙቅ አፈር ከ7 እስከ 14 ቀን ብቅ ይላል። ከአንገታቸው ቀጥነው የወደቁት ሁለቱን የገደላቸው በአፈሩ ገጽ የሚኖር ሻጋታ ነው፤ የሚነሳውም አፈሩ ሁሌ ርጥብ ሲሆንና ያልበሰለ ብስባሽ ሲበዛበት ነው። መድኃኒት አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፖስቱን ትተው በአሸዋ በበዛ አፈር ይዝሩ፣ ጠዋት ብቻ ያጠጡ፣ ችግኙ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ሲደርስ ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውሩት።

ሌላም መለየት ያለብዎ ነገር አለ፤ የዘሩት የትኛውን ሽፈራው ነው? የሞሪንጋ ቤተሰብ 13 ዝርያዎች አሉት፤ በሰው ጓሮ በብዛት የሚገኙት ሁለቱ ናቸው። ሞሪንጋ ኦሌይፌራ መነሻው በሰሜን ሕንድ የሂማላያ ግርጌ ነው፤ ዘሩ ክብና ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሦስት ወረቀት መሳይ ክንፎች አሉት፣ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፣ ከተመቸው በመጀመሪያው ዓመቱ ያብባል። ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ዛፍ ነው፤ ዘሩ ረዘምና ነጣ ያለ፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ግንዱ ከታች እንደ ጠርሙስ የሚያብጥ ነው። ድርቅን ከመጀመሪያው ይልቅ ይችላል፤ ለማበብ ግን ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። «በስድስት ወር ያፈራል» የሚለው ወሬ ስለ መጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ዘርተው በስድስት ወሩ አበባ ቢጠብቁ ዛፉን ያለ ጥፋቱ ይወቅሱታል።

ስለ ተባይ ጥቂት ልበል። በቅጠሉ ጀርባ የሚሰፍረው ክሽክሽ በውሃ ግፊት ታጥቦ ይወርዳል፤ ካልሄደ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው፣ በማግስቱ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ቅጠሉን በድር ጠቅልሎ የሚበላውን ትል በእጅ መልቀም ነው፤ ከበዛ ቅርንጫፎቹን ቆርጦ ማቃጠል፣ ዛፉ ይተካቸዋል። የሚበሉትን ቅጠል በፀረ ተባይ ኬሚካል አይርጩት።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ዱቄትዎን ያበላሸው ፀሐይዋ ራሷ ናት። አረንጓዴውን ቀለም፣ ቫይታሚን ኤ የሚሆነውን ንጥረ ነገርና ቫይታሚን ሲን ቀጥተኛ ፀሐይ ያጠፋቸዋል፤ የድርቆሹ ሽታም ከዚያ ነው የመጣው። ቡናማ የሆነው ዱቄት መርዝ አይደለም፤ ግን ከሽፈራውነቱ ብዙ ስለጎደለ ለአፈር ይስጡት።

ትክክለኛው አደራረቅ እንዲህ ነው። ቅርንጫፉን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጠዋት ይቁረጡ፤ የተቆረጠ ቅጠል ተከምሮ ሲቆይ ይግላል፣ ስለዚህ በዚያው ቀን ይጨርሱት። ቢጫውንና ትል የበላውን ለቅመው ያውጡ። በንጹህ ውሃ አጥበው፣ 1 ሊትር ውሃ ላይ 10 ግራም ጨው በጥብጠው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይንከሩት፣ እንደገና ያለቅልቁት። ውሃው ጠፈፍ እስኪል በወንፊት ያንጠልጥሉት። ከዚያ ትንንሾቹን ቅጠሎች ከዘንጋቸው ይቅረፉ፤ ዘንጉ የሚደርቀው ዘግይቶ ነው፣ አብሮ ከገባ ሻጋታውን የሚያመጣው እሱ ነው። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ክፍል በንጹህ ጨርቅ ወይም መረብ ላይ አሳስተው ያስጡት፤ ለ1 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ትኩስ ቅጠል ወሰኑ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጡት። ከሁለት እስከ አራት ቀን ይደርቃል። በአራተኛው ቀን ያልደረቀ ቅጠል አየሩ ርጥብ ነው ማለት ነው፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ይጣል። ምድጃ ካለዎት ከ50 እስከ 55 ዲግሪ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፤ ከዚያ በላይ ቢሞቅ ተመልሰው ወደ ቡናማው ይሄዳሉ።

መድረቁን በጆሮዎ ይወቁት። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲጨምቁት እንደ ደረቅ ወረቀት ተንኮሻኩሾ መድቀቅ አለበት፤ ታጥፎ ከተመለሰ ውስጡ ውሃ አለ። በሙቀጫ ወቅጠው ወይም ፈጭተው በወንፊት ይንፉት። የፈጩት ዱቄት ወፍጮው ስላሞቀው ቀዝቀዝ እስኪል ይቆይና አየር በማያስገባ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ይግባ። በስድስት ወር ውስጥ ይጠቀሙበት። ትኩስ ቅጠል ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ስለሆነ ከተቀረፈ 1 ኪሎ ቅጠል የሚያገኙት 200 ግራም ገደማ ነው። ከአንድ የባልዲ ዛፍ በየስድስት ሳምንቱ ቢቆርጡ ለወጥ እንጂ ለዓመት የሚሆን ዱቄት አይሰበስቡም፤ ሲቆርጡም ሙሉ በሙሉ አያራቁቱት፣ የተወሰነ ቅጠል ይተዉለት።

እንደ እኔ ሐሳብ ዱቄቱን ባይሠሩት ይመረጣል። ዛፍ በቤቱ ያለው ሰው ትኩሱን ቀንጥቦ አብስሎ ቢበላ ይጠቀማል። የኦሌይፌራ ለጋ ቅጠል ለመብሰል ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። የስቴኖፔታላ ቅጠል፣ በተለይ የጠነከረው፣ ይመራል፤ እሱን አፍልቶ የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት ምሬቱን ያወጣዋል፣ ቫይታሚን ሲም አብሮ ይደፋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማትረፍ አይቻልም። ማብሰል ግን ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ የተቀቀለው ቅጠል ብረት ለሰውነት ከጥሬው ይልቅ ይቀርባል።

ስለ ጥቅሙ የሚወራው ቁጥር ማስተካከያ ይፈልጋል። «ከስፒናች 25 እጥፍ ብረት፣ ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ» የሚለውን አይተው ይሆናል። የብረቱ ነገር የተሠራው ደረቅ ዱቄትን ከትኩስ ቅጠል ጋር በማወዳደር ነው። ትኩስ ስፒናች 90 ከመቶ በላይ ውሃ ነው፤ እሱንም አድርቀው ቢፈጩት ብረቱ በ100 ግራም ከአሥር እጥፍ በላይ ይወጣል፣ ከሽፈራው ዱቄትም አያንስም። ትኩሱን ከትኩሱ ሲያወዳድሩ 100 ግራም የሽፈራው ቅጠል 4 ሚሊግራም ገደማ ብረት፣ 185 ሚሊግራም ካልሲየም፣ 9 ግራም ተኩል የሚጠጋ ፕሮቲንና 52 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው። ቫይታሚን ሲው ከብርቱካን ጋር እኩል ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ አብዛኛው ይጠፋል። ለቅጠል ይህ እጅግ ጥሩ ነው፤ በተለይ ፕሮቲኑ። ግን ሰው የሚወስደው 100 ግራም ዱቄት አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 3 ግራም ቢመዝን ነው፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም አይሞላም፣ አንድ እንቁላል ግን 6 ግራም አለው። ብረቱም 1 ሚሊግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ልጅ የምትወልድበት ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ያስፈልጋታል። የደም ማነስ ያለበት ሰው በማንኪያ ዱቄት ይድናል የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ሽፈራው አትክልት ነው፤ የሚጠቅመውም እንደ አትክልት በእፍኝ ሲበላ ነው።

የእናትዎ ጉዳይ። ቅጠሉ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን የደም ስኳር በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥቂት አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ ወሬው ከምንም አልተነሳም። ነገር ግን የአንዱ ዛፍ ቅጠል ከሌላው፣ የአንዱ ማንኪያ ከሌላው ስለሚለያይ መጠኑን ማወቅ አይቻልም፤ ኪኒኑ ግን በሚሊግራም የተለካ ነው። ኪኒኑን ትተው በዱቄቱ ቢተማመኑ ስኳሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ለሳምንታት ምንም ላይሰማቸው ይችላል፣ ጉዳቱ ግን በዓይን፣ በኩላሊትና በእግር ነርቭ ላይ ይጠራቀማል። ሌላው አደጋ ተቃራኒው ነው፤ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን እየወሰዱ በባዶ ሆድ ብዙ ዱቄት ቢጨምሩበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ንቃታቸው ካልጠፋ ወዲያው 15 ግራም፣ ማለትም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳያደርጉ ወደ ሕክምና ያድርሷቸው።

ስለዚህ መጠጣቱ ይቅር፤ ቅጠሉን አብስለው ከምግባቸው ጋር ይብሉ፣ ልክ ሌላውን ጎመን እንደሚበሉት። ሲጀምሩ ለሁለት ሳምንት ስኳራቸውን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለክተው ይጻፉት፣ ጽሑፉንም ለሐኪማቸው ያሳዩ። የኪኒኑን መጠን የሚቀንስ ካለ ያንን አይቶ ሐኪሙ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም፣ ለእንቅርት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድም ዱቄቱን በየቀኑ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ አረንጓዴ ቅጠል የያዘው ቫይታሚን ኬ የዚህን መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል፣ ስለዚህ አንድ ሳምንት ብዙ፣ አንድ ሳምንት ምንም መብላት አይሆንም።

ሥሩን አይንኩት። ሲፋቅ የሰናፍጭ ዓይነት የሚያቃጥል ሽታ ስላለው በቅመምነት የሚጠቀሙ አሉ፤ የሥሩ ልጣጭ ግን ነርቭን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች አሉት። የግንዱ ልጣጭም ለመድኃኒት ተብሎ መቀቀል የለበትም። ነፍሰ ጡር ሴት ሥሩንም ልጣጩንም ፈጽሞ አትቅመስ፤ ማህፀንን ሊያኮማትሩ ይችላሉ። የቅጠል ዱቄትና ጭማቂም በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ይሻላል።

ዘሩን መብላት ሆድ ሊያስቀምጥና ሊያቅለሸልሽ ይችላል፤ ትክክለኛ ሥራው የደፈረሰ ውሃ ማጥራት ነው። በዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ፖዘቲቭ ቻርጅ) ስላለው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ጭቃ አሰባስቦ እንደ ባዘቶ ያጓጉለዋል፣ ከብዶም ይዘቅጣል። ዛፉ ላይ የደረቀ ፍሬ ይውሰዱ፤ ልጣጩን አውጥተው ነጩን ብቻ ያድቁት፤ የጠቆረ ካለ ይጣል። በመጠኑ ለደፈረሰ ውሃ አንድ ዘር ለ2 ሊትር፣ በጣም ጭቃ ለሆነው አንድ ዘር ለ1 ሊትር ይበቃል። ዱቄቱን በትንሽ ንጹህ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ያጥሉት፣ ወተት የመሰለውን ፈሳሽ ውሃው ላይ ጨምረው አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በቀስታ ያማስሉት። ሳይነካ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ፤ ዝቃጩን ሳያነቃንቁ ከላይ ያለውን ይቅዱ። የጠራ ውሃ ግን ንጹህ ውሃ ማለት አይደለም። ጭቃው ብዙ ጀርም ይዞ ይወርዳል እንጂ ሁሉንም አይወስድም፤ ከዘሩ የቀረው ንጥረ ነገርም ለተረፉት ምግብ ይሆናቸዋልና ሲውል ሲያድር ይራባሉ። አፍልተው ወይም ክሎሪን ጨምረው በዚያው ቀን ይጠጡት፤ ያደረውን ለዛፉ ይስጡት፣ እሱም ጣትዎ ደረቅ ነው ካለ ብቻ።